የኩሽናችን ሁለት በሮች፦ ከእንጦጦ እስከ ቆሼ



ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጦርነት፣ ዙፋንና ግንብ ነው። ስለ ነገሥታት ዘመቻ ብዙ ተጽፏል። ስለ ምጣድ፣ ስለ ጉልቻና ስለ ማገዶ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁንና አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት ስፍራ ጸንታ ትቅር ወይስ ተነቅላ ትሂድ የሚለውን ጥያቄ አንድ ጊዜ ሊወስነው የተቃረበው ጠላት ወይም በሽታ ሳይሆን ከምጣድ ሥር የሚነደው እንጨት ነበር። ስለዚህ የኩሽና ታሪክ የሴቶች ወግ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የከተማይቱ ታሪክ ነው።

ኩሽና ሁለት በር አለው። በአንደኛው በር ማገዶ፣ እህልና ውሃ ይገባል። በሁለተኛው አመድ፣ ትራፊና ቆሻሻ ይወጣል። እኛ የምንኖረው በሁለቱ በሮች መካከል ነው። ምግቡ በስሎ እስከቀረበና ቤቱ ተጠርጎ እስከጸዳ ድረስ ከአንደኛው በር በፊት ማን ምን እንደተሸከመ፣ ከሁለተኛው በር በኋላም ማን ምን እንደደረሰበት አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ በሁለቱም በሮች ወጥተን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ማገዶ ያጣች ከተማ

በቀደመው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ በአንድ ቦታ ብዙ አይቆይም ነበር። ንጉሡ ሲሰፍር ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ነጋዴውና አገልጋዩ አብሮት ይሰፍራል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ቤት የሚሠራበትና እንጀራ የሚጋግርበት እንጨት ይፈልጋል። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ በዙሪያው ያለው ጫካ ይመነጠራል፤ ማገዶ ለማምጣት የሚኬደው መንገድ ይረዝማል። ያን ጊዜ ከተማው ይነሣና ሌላ ጫካ ወዳለበት ይሄዳል። ለዚህ የከተማ መዛወር ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩም የማገዶ ማለቅ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር።

ምኒልክም ከአንኮበር ተነሥተው በመጨረሻ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። ተራራው ለጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ብርድና ነፋሱ የከበደ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ያለውን የፍል ውሃ አካባቢ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ድል በኋላ ደግሞ የከተማይቱ ስም ከፍ አለ። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው በዛ፤ የውጭ መንግሥታት ልዑካንም ገቡ። ሰው ሲበዛ ምጣድ ይበዛል፤ ምጣድ ሲበዛ የሚነደው እንጨት ይበዛል። በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ እየተቆረጠ አለቀ። ማገዶ ከሩቅ፣ ከዚያም ይበልጥ ከሩቅ መምጣት ጀመረ።

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ ቀድሞው ልማድ ከተማውን ለማንሣት አሰቡ። የተመረጠው ስፍራ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ በእንጨት የታደለ አገር ነበር። ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። ቤተ መንግሥት መሠራትም ተጀመረ። ይሁን እንጂ ዝውውሩ አልተፈጸመም፤ በዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱ ከተነሣችበት ሳትንቀሳቀስ እንድትቀር ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዛፍ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ በብዛት ይጻፋል። ያመጣውም በምኒልክ ቤተ መንግሥት አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው ይባላል፤ የሌሎች ሰዎች ስምም ይነሣል። ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ መንግሥት ችግኙን በአነስተኛ ዋጋ እያደለና የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ እያደረገ ሕዝቡ እንዲተክል አበረታታ።

ጥድና ወይራ ለማደግ የሰው ዕድሜ ያህል ጊዜ ይወስዳሉ። ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ይደርሳል። ከዚህም በላይ አንድ ልዩ ባሕርይ አለው፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እንደገና ቢቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል። በዚህ የተነሣ አዲስ አበባ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከሩቅ ለሚያያት ከተማ ሳትሆን ጫካ እስክትመስል ድረስ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማው ጫካውን ተከትሎ በመሄድ ፈንታ ጫካው ወደ ከተማው መጣ።

ባሕር ዛፍ እንከን የለውም ለማለት አይደለም። ውሃ አብዝቶ ይስባል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። የጠፋውን የጥድና የወይራ ደን አልመለሰም። ቢሆንም ከዚህ ታሪክ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። የከተማይቱ ሰዎች ችግራቸውን የፈቱት የሚነደውን ነገር ምንጭ በማሰብ ነው። «ማገዶው ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም በእጃቸው ተከሉ።

ሸክሙን የተሸከመው ማነው?

ባሕር ዛፉ በእንጦጦ ቆመ እንጂ በራሱ እግር ወደ ኩሽና አልወረደም። ያወረዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ቅጠሉን፣ ጭራሮውንና ቅርንጫፉን ጠርገው፣ በገመድ አስረው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው በዳገትና ቁልቁለቱ ተመላልሰዋል። ወገባቸው ተጎንብሶ፣ ፊታቸው ወደ መሬት አቀርቅሮ ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1967 ዓ.ም. መሬትና ደኑ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሸክሙ ብቻ ሳይሆን የጥበቃ ፍርሃትም ተጨመረባቸው። ሲያዙ እንጨቱን ይነጠቃሉ፤ የቀኑ እንጀራቸውም አብሮ ይሄዳል።

ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ ኋላ የቀድሞ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ማኅበርን መሥርተው በእንጦጦ ግርጌ ሽመና ያዙ። የሚሸምኑት ነጠላና የአንገት ልብስ በከተማው የታወቀ ነው። ጀርባቸው ከሸክም ዐረፈ፤ እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የተራራው አንድ ክፍል የመዝናኛ ስፍራ ሆኗል። ሆኖም እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከከተማይቱ ዳር ጨርሰው አልጠፉም።

በዲናችን እንጨት ተሸክሞ መሸጥ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገመድ ይዞ፣ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ፣ ሸጦ የሚያድር ሰው እጁን ለልመና ከሚዘረጋ እንደሚሻል ማስተማራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ስለዚህ ተሸካሚዋ ክብር አላት። ጥያቄው ያለው በእኛ ላይ ነው። በእርሷ ጀርባ የመጣውን እንጨት እኛ እንዴት እያነደድነው ነው?

ጉልቻ ቢለዋወጥ

በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር የሚነድ እሳት ለዓይን ያምራል እንጂ አባካኝ ነው። ነበልባሉ በየአቅጣጫው ይወጣል፤ ነፋስ ይወስደዋል፤ ጭሱ ጣራ ያጠቁራል። ከእንጨቱ ሙቀት ምጣዱ ጋ ደርሶ ሥራ የሚሠራው ከ10 እጅ 1 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ ከቤት ውስጥ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ እናቲቱ በጀርባዋ ካመጣችው 30 ኪሎ ውስጥ 27ቱ ኪሎ ለጭስና ለነፋስ የተሸከመችው ሆነ ማለት ነው።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ለወጡ እውነት ነው። ለማገዶው ግን ተረቱ አይሠራም። በ1980ዎቹ ዓመታት የአገራችን የኃይል ጥናት ባለሙያዎች «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ አወጡ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ምድጃ ነው። እሳቱ ወደ ውጭ እንዳይባክን ስለሚይዘው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በዚያው ዘመን «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ወጣ፤ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ የሸክላ ሽፋን ያለው ሲሆን ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ሥራው የሊቅ ምስጢር አይደለም። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል፣ ከሰሉ በዝግታ ይነዳል፣ ድስቱም ከእሳቱ ይቀርባል።

ከዚህም ቀደም ብሎ የአዲስ አበባ ሰው የራሱን ብልኃት ያውቅ ነበር። ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤት የሚጣለውን ሰጋቱራ በበርሜል ጠቅጥቆ እንጀራ የጋገረ ብዙ ነው። ሸክላውን ምጣድ በአክንባሎ መክደን፣ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ጎረቤት ተራ ይዛ በዚያው ሙቀት እንድትጋግር መጥራት፣ ባቄላና ሽምብራን ከማብሰል በፊት ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ይህ ሁሉ እናቶቻችን ሳይጻፍላቸው ያወረሱን የቁጠባ ትምህርት ነው።

ከሰሉ ለምን ተመልሶ መጣ?

በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባ መብራት ከወራጅ ውሃ በስፋት ማግኘት ተቻለ። ቀስ በቀስም የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ገባ። ዛሬ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 እጅ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የተጋገረ እንጀራ ጫካ ያልተቆረጠበት፣ ጭስ ያልወጣበት፣ የማንም ጀርባ ያልጎበጠበት እንጀራ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ በብስራተ ገብርኤል፣ ቪላና ኮንዶሚኒየም በሞሉበት መንደር ሳይቀር፣ በየሱቁ ደጃፍ ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሮ የሚሸጠው ለምንድን ነው? አንዲት የተማሪ እናት ይህን ስጠይቃት «ኡስታዝ፣ መብራቱ የሚሄደው እኮ ሊጡ ከቦካ በኋላ ነው» ብላ መልሳልኛለች። እውነቷን ነው። ድስት ጥዶ መብራት የጠፋበት ሰው ከሰል ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ቡናውና ጀበናውም አለ፤ ከሰል የሌለበት ቡና ለብዙዎቻችን ቡና አይመስለንም። ስለዚህ ከሰልን ከቤታችሁ ጨርሳችሁ አውጡ ብሎ መስበክ ቀላል ቢሆንም የሚጠቅም ምክር አይደለም። የሚጠቅመው ከሰሉ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰል ልማዳዊ መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት 5 ኪሎ እንጨትና ከዚያም በላይ ይነዳል። በስምጥ ሸለቆ የሚቆረጠው ግራር በማዳበሪያ ተሞልቶ ወደ እኛ ሲመጣ ያን ሁሉ አስቀርቶ ነው። ነገር ግን ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዝርያ በእርሻቸው ላይ እየተከሉ፣ በጥቂት ዓመት አድርሰው፣ አክስለው ለአዲስ አበባ ጭምር ይሸጣሉ፤ በቦታውም እህል ይዘራሉ፣ ደግሞም ዛፉን ይተክላሉ። ያልተከሉትን ከመቁረጥ የተከሉትን መቁረጥ ይሻላል። የባሕር ዛፉ ዘመን ትምህርት እዚያ ዛሬም ሕያው ነው።

ሌላው ነገር ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ ከማገዶና ከመሰል ነዳጅ በሚወጣ ጭስ ሳቢያ በዓለም ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ከጭሱ አጠገብ የሚውሉት እናቶችና የታቀፏቸው ሕፃናት ናቸው። ከሰል ደግሞ ጭሱ ስለማይታይ ያታልላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በክረምት ብርድ፣ በር ዘግተው፣ የከሰል ማንደጃ አጠገባቸው አድርገው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ቤተሰቦች ወሬ በከተማችን እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የነደደ ከሰል ይዞ በተዘጋ ክፍል ማደር ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው።

በሁለተኛው በር

አሁን በሁለተኛው በር እንውጣ። የቀድሞው የአዲስ አበባ ኩሽና የሚጥለው ጥቂት ነበር። የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ወይም ፍርፍር ይሆናል። የአትክልት ልጣጭ ለበግና ለዶሮ፣ አመድ ዕቃ ለማጠብ፣ ጠርሙስ ዘይትና ማር ለመያዝ ይውላል። ወደ ገበያ የሚኬደው ዘንቢል ተይዞ ነው። ያረጀው ልብስ ለልዋጭ ተሰጥቶ ሳህንና ብርጭቆ ይመጣበታል። የተበሳ ባልዲና የተሰበረ ብረት «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ይገዛውና መርካቶ ይወስደዋል። በምናለሽ ተራ ቀጥቃጩ እጅ ሲገባ የትናንቱ በርሜል ነገ ማንደጃ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው «አካባቢ ጥበቃ» የሚል ቃል ሳይሰማ በፊት ነበር። ድህነት አስገድዶት ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን ድህነት ያስተማረን መልካም ነገር ሀብት ሲመጣ መረሳት ነበረበት?

ዛሬ ዘንቢሉ በፌስታል ተተክቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን ብዙ አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ይሁን እንጂ አንድ ዘንቢል በእጇ ይዛ የወጣች እናት ከሁለቱም አዋጆች ቀድማ ሥራውን ጨርሳለች።

ከኩሽናችን የወጣው ሁሉ የት ይሄዳል? መልሱ ከብስራተ ገብርኤል ብዙም አይርቅም። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ያኔ ከከተማው ዳር በነበረው በረጲ፣ የቆሻሻ መጣያ ተከፈተ። ሕዝቡ ቆሼ ብሎ ሰየመው። ከተማው ሰፍቶ ቆሼን ከበበው፤ ቆሻሻውም ለብዙ አሥርት ዓመታት እየተከመረ ተራራ ሆነ። በዚያ ተራራ ላይና ዙሪያ ድሆች ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ፣ ጎጆ ቀልሰው ልጅ አሳደጉ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተራራው ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከሥሩ ቀሩ። በከተማይቱና በአገሪቱ ሐዘን ሆነ።

የዚያ ተራራ አፈር ምንድን ነበር? የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ የምግብ ትራፊ፣ ልጣጭ፣ ቅጠል። ይህ ታፍኖ ሲበሰብስ ሜቴን የተባለ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ፈሳሹ ወደ ምድርና ወደ ወንዝ ይሰርጋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል። ፋብሪካ ግን እርጥብ ልጣጭና የተረፈ ወጥ እንደ ደረቅ እንጨት አያነድም። ሥራው መጀመር ያለበት ቆሻሻው ከቤት ሳይወጣ ነው። የዚያ ተራራ እያንዳንዱ እፍኝ በአንድ ወቅት በአንድ ሰው ኩሽና ውስጥ ነበር፤ «ይውጣ» ተብሎ ተጣለ፤ «ወጣ» የተባለው ግን ወደ ሌላ ሰው ደጅ ነው የገባው።

ልክ ያለው ኑሮ

ሸሪዓችን ይህን ነገር ኢስራፍ ይለዋል፤ ከልክ ማለፍ። ብዙ ሰው ኢስራፍ ሲባል የሚመስለው የሀብታም ድግስ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ፣ ገላቸውን የሚታጠቡት በአንድ ሷዕ እንደነበር በትክክለኛ ሐዲሥ ተዘግቧል። ሙድ በሁለት እጅ ተገጥሞ የሚታፈስ ያህል፣ ሦስት ሩብ ሊትር አካባቢ ነው፤ ሷዕ አራት ሙድ ነው። ዒባዳ ለማድረግ የሚፈስ ውሃ እንዲህ ከተለካ ለወጥና ለእንጀራ የሚነደው እንጨት እንዴት ሳይለካ ይቀራል? የወደቀችውን ጉርሻ አንሥቶና አጽድቶ መብላት፣ ሳህኑን ጨርሶ መጥረግ ያስተማሩ ነቢይ ተከታዮች በረመዳን የኢፍጧር ገበታ ሳንቡሳና ሾርባ በገንዳ ሲጥሉ ማየት ያሳዝናል። በጾም ወር ቆሻሻችን መቀነስ ሲገባው የሚጨምር ከሆነ አንድ የተዛባ ነገር አለ።

ደግሞም ሰውን የሚያስቸግር ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን በመድረሳ ተምረናል። ከመንገድ ማስወገድ ማለት ግን ከእኔ መንገድ አንሥቶ በጎረቤቴ መንገድ ማስቀመጥ ማለት አይደለም።

ለአባወራዎችም አንድ ቃል አለኝ። ይህ ጽሑፍ ለሴቶች ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች። ምድጃ የሚገዛው፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያስገባው፣ ስጋና አትክልት በፌስታል ጭኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ሚስቱ በጭስ ዓይኗ እየቀላ ለስልክ ገንዘብ አግኝቶ ለምድጃ ያጣ አባወራ ራሱን ይጠይቅ።

ከየት እንጀምር?

ከአንድ ቤት የሚጠበቀው ትልቅ አይደለም። መብራት ባለበት ጊዜ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር፤ ምጣዱን በየሁለት ቀኑ አዲስ ከማጋል ብዙ ኃይል ያተርፋል። በአንድ ግቢ ያሉ ጎረቤቶች እንደ ድሮው ተራ ቢይዙ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ጉርብትናውም ይታደሳል። ከሰል የግድ ከሆነ ሸክላ ባለው ምድጃ፣ በር ተከፍቶ። በእንጨት የሚጋግሩ ዘመዶች በገጠር ያሉት ሰው ለዒድ ልብስ ሲልክ አንድ ጊዜ ምርጥ ምድጃ ቢልክ ሰደቃው በየጋገሩ ቁጥር ይቀጥላል። ሽምብራና ባቄላ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ድስት ይከደን። ልጣጭና ቅጠል ጓሮ ያለው በጓሮው ጉድጓድ ቆፍሮ አፈር እያለበሰ ማዳበሪያ ያድርገው፤ ጓሮ የሌለው ቢያንስ እርጥቡን ከደረቁ ይለይ፤ ለቀሚው እጁን ከመበስበስ ያድናል። ዘንቢል ከበሩ አጠገብ ይሰቀል። ለኢፍጧር የሚሠራው በቤቱ ሰው ቁጥር ይለካ፤ ትርፉ ሳይነካ ከመግሪብ በፊት ለጎረቤት ይላክ።

ልጆቻችንንም እናስተምራቸው። ስለ አድዋ ስንነግራቸው ከአድዋ በኋላ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ እንደነበረ፣ ችግኝ ተክላ እንደዳነችም እንንገራቸው። ከእንጦጦ ቁልቁል የወረዱትን እናቶች፣ በቆሼ የቀሩትንም ሕፃናት ያስታውሱ። በአላህ ዘንድ የማይጻፍ ሸክም የለም፤ የተሸከመው ሰው ስም በታሪክ መጽሐፍ ባይገኝም።

አላህ (ሱ.ወ) ከኢስራፍ የሚጠበቁ፣ የሌላውን ሐቅ የሚያውቁ ባሮቹ ያድርገን። በቆሼ ወገኖቻቸውን ላጡ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። አሚን።